ከዱቡሻው ዳር የተቀመጠው ሰው

በ1955 ዓ.ም. አንድ ፅንስ አልወለድም አለ። በእናቱ ማኅፀን ውስጥ እንዳለ አንደበት አውጥቶ፣ ድኻ ሆኖ ሊመጣባት የተዘጋጀችለትን አገር እየመረመረ ሙግት ገጠመ። የፅንሱ ፈጣሪ ደራሲ አቤ ጉበኛ ነበር። «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ደራሲውም ከጊዜ በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ጎሬ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ነገሩን ሲያስቡት ይገርማል። ገና ያልተወለደ፣ ያውም በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሕፃን መንግሥትን አስፈራ። ድኻማ በየደጁ ነበር፤ ማንም አልፈራውም። የተፈራው ድኻው መናገሩ ነው።

ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሥራ «ዲስቶፒያ» ከሚሉት ወገን ይመድቡታል። ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 «ዩቶፒያ» ብሎ የሌለችውን መልካም አገር ከሳለ በኋላ፣ ከዘመናት በኋላ የተነሡ ደራስያን ሥዕሉን ገልብጠው የሌለችውን ክፉ አገር መሳል ያዙ። ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን በቦልሼቪኮች አብዮት ማግስት በጻፈው «እኛ» በተባለ ልቦለድ ውስጥ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ አላቸው። ቤታቸውም ከመስታወት የተሠራ ነውና ጠባቂው የፈለገውን ያያል። ይህ መጽሐፍ በደራሲው አገር የታተመው ዛምያቲን በፓሪስ ስደት ላይ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። እንግሊዛዊው አልደስ ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ልቦለድ ደግሞ ሰው በብልቃጥ ይፈለፈላል። ከብልቃጡ ሳይወጣ ጌታ ወይም ሎሌ መሆኑ ይወሰንለታል፤ ዕጣውን እንዲወድም ተደርጎ ያድጋል። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው «1984» ሦስት እርከን አለው፤ ከላይ የፓርቲው የውስጥ ሰዎች፣ ከመካከል ተራው የፓርቲ አባል፣ ከታች ከመቶ ሰማንያ አምስት እጁን የሚይዘው ሠርቶ አደር። የላይኞቹ ቋንቋውን ሳይቀር እየቆረጡና እየቀጠሉ ይገዛሉ።

እነዚህን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ሁለት ምሰሶ ያያል፤ መደብና ቁጥጥር። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። መንግሥት ምንም ያህል ቢበረታ ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ አንገቱን ይዞ ሊያኖር አይችልም፤ እጁ አይበቃም። ስለዚህ አንዱን ሰው በሌላው ላይ ያቆማል። ለዚህም ሥራ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም፤ ኅብረተሰቡ ራሱ አስቀድሞ ያሰመረውን መስመር ያገኛል። የመስመሩም ምልክት አንድ ነው፤ ማን ይናገራል? ማንስ ዝም ብሎ ያዳምጣል?

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ በልቦለድ ብቻ አልቀረም። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሳለ የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ተከታተለ፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። የመጽሐፉ ባለታሪክ ሥራው ለመንግሥት መናገር የሆነ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ከመደብሮች ተለቅሞ ወጣ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ፈረንጆች ያን ዓመት 1984 ብለው ይቆጥሩታል። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በእኛ መስከረም 1977፣ ሰሜኑ በረኀብ እያለቀ የኢሠፓ ምሥረታ በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ተከበረ። ኦርዌል ቢያየው ኖሮ የመጽሐፉን ርእስ ከየት እንዳመጣችሁት ሳይጠይቀን አይቀርም ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የጥቂት ክፉ ሹማምንት ሥራ አድርጎ ማየት ያዘናጋል። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ዳገት ይዞ የጋሞን ታሪክ የሚጠይቅ ሰው መደብና ቁጥጥር እንዴት እየተጋገዙ እንደሚኖሩ፣ የሚያስጥለውም ምን እንደሆነ ይማራል።

ዱቡሻ

ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ባሉት ደጋዎች የጋሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ «ደሬ» በሚባሉ አርባ ያህል ራሳቸውን አስተዳዳሪ ምድሮች ተከፍሎ ይኖር ነበር። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ደሬው የጉባኤ ሜዳ አለው፤ ስሙ ዱቡሻ ይባላል። ጉባኤው በሽማግሌ ምርቃት ይከፈታል። የድንበር ጠብ፣ የደም ካሣ፣ የግጦሽ ነገር እዚያ ይቀርባል። ክርክሩ ስምምነት ላይ እስኪደረስ ይቀጥላል፤ በዕለቱ ካላለቀ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ ተቀምጦ ይህን ጉባኤ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። ፖለቲካ ማለት ቤተ መንግሥት ብቻ ለሚመስለው አንባቢ ትልቅ ትምህርት ነው።

አማርኛችን ስለ ሥልጣን ሁለት የታወቁ ተረቶች አሉት። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሌላው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ሁለቱም በጋሞ ደጋ አይሠሩም። በዘር የሚተካ «ካዎ» የሚባል የምድሩ መሥዋዕት አቅራቢ አለ፤ ነገር ግን የዕለት ጉዳይ የሚዳኘው በዱቡሻው ነው። «ሃላቃ» ደግሞ በጉባኤ የሚመረጥ ሹም ነው። ሃላቃ ሲሾም ያበላል እንጂ አይበላም፤ ለዓመታት ያጠራቀመውን ሀብት አውጥቶ ለደሬው ሰው ይደግሳል። ከተሾመ በኋላም ሌላው ሰው የሚያደርገው ብዙ ነገር ለሱ ክልክል ይሆንበታል። ካጠፋ ይከሰሳል፤ ይሻራልም። «ጎሜ» የሚሉት እምነት አለ፤ ደንብን የተላለፈ ሰው በራሱም በምድሩም ላይ መቅሠፍት ይጠራል ይላሉ። ሹም ከዚህ አያመልጥም።

እስከዚህ ድረስ የቶማስ ሞርን አገር ያገኘን ይመስላል። አሁን ደግሞ ከሜዳው መካከል ዓይናችንን አንሥተን ዳሩን እንይ።

በዱቡሻው የሚናገረው «ማላ» የሚባለው ባለሙሉ መብት ሰው ነው። ሸክላ ሠሪው «ማና»፣ ቆዳ ፋቂው «ደጋላ» ይባላል። ልማዱ በየደሬው ቢለያይም፣ ማላ ከእነዚህ ጋር አይጋባም፤ ከአንድ ማዕድ አይቆርስም፤ መቃብራቸውም ለየብቻ ነው። ብዙዎቹ መሬት የላቸውም፤ ካላቸውም ጥቂት ነው። በጉባኤው እኩል ተቀምጠው የመናገር መብት አልነበራቸውም። ሴቶችም ከማንኛውም ወገን ቢሆኑ በአብዛኛው የዱቡሻው ተናጋሪ አልነበሩም። የማና ልጅ ማና ነው፤ ምንም ቢሠራ፣ ምንም ቢያውቅ፣ ሌላ አይሆንም።

ሀክስሊ ሰውን ሳይወለድ በእርከን ለመመደብ ብልቃጥና ቤተ ሙከራ አስፈልጎታል። እኛ ማኅፀን ብቻ በቅቶናል። የአቤ ጉበኛ ፅንስ በአንዲት ሸክላ ሠሪ ማኅፀን ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ሙግቱን የሚሰማለት ጉባኤ በዚያ ሁሉ ደጋ ላይ አያገኝም ነበር።

ገባር

በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ የአጤ ምኒልክ ጦር ደጋውን ሲይዝ ሌላ መሰላል በመሰላሉ ላይ ተደረበ። ከላይ ባለጠመንጃው፣ ከመካከል ባላባቱ፣ ከታች ገባሩ። ቁጥጥሩ የቆመው በቆጠራ ላይ ነው፤ ሰው ለወታደሩ በማዕረጉ መጠን በቤት ቁጥር ይታደል ነበር። ገባሩ እህልና ማር ከመስጠቱም በላይ እንጨት ይለቅማል፤ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱ ትፈጫለች፤ ጌታው መንገድ ሲወጣ ጓዝ ይሸከማል። ዛምያቲን ሰውን ቁጥር ያደረገው ለነገ ፈርቶ ነው። ገባሩ ግን ትናንት ቁጥር ነበር።

አዲሱ ሥርዓት የአካባቢውን ታላላቅ ሰዎች ሁሉ አላጠፋም፤ በብዙ ቦታ ባላባት አድርጎ መካከለኛ እርከን ላይ አስቀመጣቸው። ይህ ብልኅነት ነው፤ የሚፈራው መስመር አስቀድሞ ተሰምሮ ነበርና። ዱቡሻውም በአንድ ቀን አልፈረሰም። ትልልቁ ነገር ግን ከዱቡሻ ወጥቶ በሹሙ ግቢ፣ በአማርኛ ይቆረጥ ጀመር። ትናንት በገዛ ቋንቋው ሹሙን ይከስ የነበረው ማላ አሁን በአስተርጓሚ የሚናገር ሆነ። ማናው ባለበት ቀረ፤ ማላው ደግሞ ከሌላ ዱቡሻ ዳር ተቀመጠ።

የገባሩ የጉልበት ግዴታ በሕግ የቀረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ የግብር ዐዋጆች ነው። ጭሰኝነት ግን እስከ 1967 ዓ.ም. ዘለቀ።

ሸማኔው በሁለት አገር

የዶርዜ ሰው ሸማውን ይዞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ሽሮ ሜዳን አገሩ አደረገ። በዶርዜ ሽመና የማላ ሥራ ነው፤ ሸማኔው በዱቡሻ ቆሞ የሚናገር የተከበረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ተሰደበ። የሠራውን ጥበብ ለብሰው በበዓል የሚያጌጡ ሰዎች ሠሪውን ናቁት። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ መልካም ነበር። ስድቡ ግን ከዐዋጁም፣ ከንጉሠ ነገሥቱም፣ ከዘውዱም ይልቅ ዕድሜ አገኘ። መንግሥት አፍን በዐዋጅ ሊዘጋ ይችላል፤ ከጉባኤ መካከል መቀመጫ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

መደብ የደም ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። አንዱ ሰው፣ በአንድ ዓይነት መቃ፣ በአንድ ዓይነት መወርወሪያ፣ በአንዱ አገር ክቡር በሌላው ውርደተኛ ይሆናል። ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ያ ሸማኔ በዓመቱ ለመስቀል በዓል ወደ ዶርዜ ይመለሳል። አዲስ አበባ ላይ የተሰደበው ሰው እዚያ ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ በማላነቱ ይቀመጣል፤ ሸክላ ሠሪዋንም ከቤቱ ደጅ አያሳልፋትም። በራሱ ላይ የደረሰው ንቀት ዓይኑን አልከፈተውም። የተናቀ የሚንቀው ካገኘ ንቀቱን ይችለዋል። ይህን የሚያውቅ ገዥ ብዙ ወታደር አያስፈልገውም።

ስብሰባ

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በዕድገት በኅብረት የዘመቱት ተማሪዎችም ዐዋጁን ይዘው በየገጠሩ ገቡ። እውነቱን መካድ አይገባም። ጭሰኝነት ያን ጊዜ ተሻረ። ለሸክላ ሠሪውና ለቆዳ ፋቂው አንተም ከሌላው እኩል ነህ፣ መሬት ይገባሃል ያለ መንግሥት ከዚያ በፊት አልነበረም። ክፉ አገር ሁልጊዜ በክፉ ቃል አይጀምርም። ኦርዌል «የእንስሳት እርሻ»ን እ.ኤ.አ. በ1945 ሲያሳትም ያሳየው ይህንኑ ነው።

ዋል አደር ሲል የሃላቃ ሹመት፣ የካዎ መሥዋዕት፣ የሽማግሌ ምርቃት ኋላ ቀር ልማድ ተባለና ታፈነ። በዱቡሻ ፈንታ የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ስብሰባ መጣ። ሁለቱም ሰው ያሰባስባሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ወደ ዱቡሻ የሚሄድ ሰው ሊናገር ይሄዳል። ወደ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ሊያዳምጥ፣ መፈክር ሊያሰማ፣ ስሙ ከቀሪዎች መዝገብ እንዳይገባ ይሄዳል። ማናውና ማላው በመጨረሻ እኩል ሆኑ፤ ሁለቱም ዝም አሉ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ሲወጣም ልጆቻቸው እኩል ተመለመሉ።

ኦርዌል ፓርቲው ሰዎቹን ሁለት የሚቃረኑ ሐሳቦችን ባንድ ጊዜ እንዲያምኑ እንደሚያሠለጥናቸው ጽፏል። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ደግሞ ከዶርዜዎች የሰማውን በመጽሐፉ አስፍሯል። ነብር ክርስቲያን ነውና ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ይሁንና ረቡዕና ዓርብም ከብቶቻቸውን ከነብር ከመጠበቅ አይዘናጉም። ልብ ላለው ሰው በዚህ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ዶርዜው ሁለቱን ሐሳብ የያዘው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ሁለተኛውም ከብቱን ያተርፍለታል። በአዳራሽ አጨብጭቦ ቤቱ ሲገባ በሹክሹክታ የሚመርቅ ሽማግሌ ግን ሁለት ሐሳብ የያዘው ሌላ ሰው አስገድዶት ነው።

ወጋጎዳ

ደርግ ወድቆ ሹመቱና ምርቃቱ በየደሬው እንደገና መታየት ጀመረ። በራስ ቋንቋ መማርም ሕገ መንግሥታዊ መብት ሆነ። ነገር ግን የኦርዌልን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ዓይኑን እንዲያሽ የሚያደርግ ታሪክ የተፈጸመው በዚያ ዘመን ነው።

አርባ ምንጭ ያን ጊዜ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በአንድ ዞን ይተዳደሩ ነበር። ቋንቋዎቻቸው ይቀራረባሉ። ባለሥልጣናቱም እንዲህ ከሆነ ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ቋንቋ ማውጣት አይሻልም ወይ አሉ። ከአራቱ ቃላት ተውጣጥቶ አዲስ ቋንቋ ተሰናዳ። ስሙም ከአራቱ ስም መጀመሪያ ተቆርጦ ተቀጠለ፤ «ወጋጎዳ» ተባለ። የመማሪያ መጻሕፍት ታተሙ፤ ለትምህርት ቤቶች ታደሉ።

ልጅ በእናቱ አፍ የማያውቀውን ቋንቋ የእናትህ ቋንቋ ነው ተባለ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ተማሪውና ነዋሪው ተቃውሞ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ዞኑ ራሱ ተከፋፈለና ወላይታ፣ ዳውሮ፣ ጋሞ ጎፋ ለየብቻ ዞን ሆኑ።

ለፍትሕ ሲባል ልዩነቱ መነገር አለበት። በኦርዌል መጽሐፍ ፓርቲው አዲስ ቋንቋ የሚያወጣው ሰው ማመፅን የሚያስብበት ቃል እንዲያጣ ነው። የወጋጎዳ ሰዎች ይህን ያህል ክፋት አላሰቡም፤ የወጪና የአስተዳደር ቅለት ነበር የታያቸው። አንድ እምነት ግን ይጋራሉ፤ ቋንቋ የመንግሥት ንብረት ነው የሚል። ሁሉንም ሊያስተባብር የተፈጠረ ቋንቋ የተሠራው ተናጋሪዎቹ ሳይጠየቁ ነው። ጉዳዩ አስቀድሞ በየዱቡሻው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይታተም፣ አንድም ሰው ሳይሞት በምክር ባለቀ ነበር። ትምህርቱም ለዘለቄታው የተያዘ አይመስልም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት መጥቶ በየመንደሩ አምስት ሰው ለአንድ ሰው ተጠሪ ሆነ።

ርጥብ ሣር

በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለብቀላ ወጣ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች በእጃቸው ርጥብ ሣር ይዘው ከወጣቱ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ሣር የያዘን ሽማግሌ መርገጥ ጎሜ ነው። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰም። ፎቶግራፉን አገር ሁሉ አየው።

ያን ቀን ያቆመው የዱቡሻው ሥልጣን ነው። ነፍጠኛው፣ ቀበሌው፣ መፈክሩ፣ የተሰፋው ቋንቋ ሁሉ አልፎበት፣ በስብሰባ ብዛት ያልተገኘ ሥልጣን በአንድ እፍኝ ሣር ተገኘ። የኦርዌል ባለታሪክ ዊንስተን ተስፋ ካለ ከታችኞቹ ዘንድ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ እንዴት እንደሚመጣ ግን አላወቀም። የጋሞ ሽማግሌዎች አንድ መንገድ አሳዩ። ሥልጣን ተንበርክኮ ሊናገር ይችላል።

ሆኖም ያን ፎቶግራፍ አድንቀን ስናበቃ፣ በዶኮ ላይ ጥናት ያደረገችው ዴና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ማናና ስለ ደጋላ የጻፈችውን ማንበብ ይገባናል። ዘውዱ ወድቆ፣ ደርግ ወድቆ፣ ዐዋጁ ሁሉ ተነቦ ሲያበቃ ያ መስመር አልጠፋም ነበር። በአማራውም፣ በኦሮሞውም፣ በከፋውም አገር ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ከዳር ያስቀመጠ ተመሳሳይ መስመር ነበር፤ ነገሩ የጋሞ ብቻ እንዳይመስል።

ዲስቶፒያ የሚጽፉ ደራስያን ዓይናችንን ወደ ላይ ያነሡታል፤ ወደ ካሜራው፣ ወደ ሰላዩ፣ ወደ ፓርቲው። ደግ ያደርጋሉ። የጋሞ ታሪክ ግን ዓይናችንን ወደ ጎንም ይመልሰዋል። መንግሥት የሚይዘን እኛ ራሳችን ባሰመርነው መስመር በኩል ነው። መስመሩ በኛ እጅ እስካለ ድረስ፣ ገዥው ቢለወጥም ማሰሪያው አይጠፋም።

በአንድ የማላ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ እንስራ ተቀምጧል። የቤቱ ሰው ሁሉ ከሱ ይጠጣል። ጭቃውን ያቦካች፣ ያበጀች፣ በእሳት ያበሰለች አንዲት ሴት ናት። እንስራዋ ከቤቱ መካከል ገብቷል። እሷ ከደጅ ቆማ የሸጠችበትን ገንዘብ ትቀበላለች።